ከፋሲካ በኋላ የተቀባው አውሮፕላን

እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልም። ወጥ እስኪበስል፣ ልብስ እስኪደርቅ፣ ዝናብ እስኪያባራ መጠበቅ ያመኛል። እናቴ ለጎረቤት ስታማኝ "ይቺን ልጅ እሳት ላይ ነው መሰለኝ የወለድኳት" ትል ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለች ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ምን ሥራ ብታገኝ ጥሩ ነው? ቀለም እስኪደርቅ መጠበቅ። ያገኘሁት እሱን ነው።

ሥራዬ የእንጨት አውሮፕላን ማለስለስ ነበር። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ መካኒሳ ውስጥ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ጭቃ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ወርክሾፕ ነበር። ባለቤቱን ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ በወጣትነታቸው ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ የመኪና ቀለም ተምረው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ በቲኬት መሸጫ ቢሮዎች መስኮት ላይ የሚቀመጡ አውሮፕላኖችን መሥራት ያዙ። እሳቸው ከዋንዛ ይጠርባሉ፣ የእንጨቱን ቀዳዳ በስቱኮ ይደፍናሉ፣ የትኋን መድኃኒት መንፊያ በሚመስል መርጫ ቀለም ይረጫሉ። ከዚያ የኔ ተራ ነው። ውሃና ሳሙና በነካው ስስ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራው እስኪጠፋ እፈገፍጋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ይረጫሉ፤ እኔ ደግሞ እፈገፍጋለሁ። እንዲህ እያልን አምስቴም ስድስቴም እንመላለሳለን። መጨረሻ ላይ በማወልወያ ዱቄትና ከአሮጌ በርኖስ በተቀደደ ጨርቅ ይወለወላል። ጋሼ ሥራውን የሚቀበሉኝ ክንፉን ወደ መስኮቱ አዘንብለው የራሳቸውን ሽፋሽፍት ቆጥረው ሲያዩበት ነው።

እውነተኞቹ አውሮፕላኖች በጣሪያችን ላይ ነበር የሚያልፉት። ማረፊያው ያኔ ገና ወደ ቦሌ አልሄደም። ሊያርፉ ዝቅ ሲሉ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ የባልዲዬ ውሃ ይናወጣል፣ እኔም እጄ እንደረጠበ ወደ በር እሮጣለሁ።

"ዛሬም አልጠገብሽም?" ይሉኛል ጋሼ።

አልጠገብኩም። የት እንደሚሄዱ እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር፤ ተነስተው መሄዳቸው ብቻ ያስቀናኝ ነበር። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ የያዝኩት ክንፍ የትም የማይሄድ እንጨት መሆኑ ያናድደኛል፤ ንዴቴንም በብርጭቆ ወረቀቱ እወጣበታለሁ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሠራተኛ ያደረገኝ ይኸው ነው።

የወርክሾፑ ትልቁ ሕግ አንድ ነበር፤ ቅባት ድርሽ እንዳይል። ቀለም ቅባት ያለበት ቦታ ላይ አይቀመጥም፤ ይሸሻል። ቅቤ የነካች ጣት እንጨቱን ብትዳስስ፣ በዳሰሰችው ቦታ ላይ የተረጨው ቀለም ክብ ሠርቶ ይከፈትና ጉድጓድ ይሆናል። ጋሼ ይህን "ፈንጣጣ" ይሉታል። ፈንጣጣ የወጣበት ቀለም ተፍቆ ከሥር እንደገና ከመጀመር በቀር መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ትልልቅ ሥራ ሲመጣ የመጨረሻውን ቀለም በጾም ወራት ነበር የሚረጩት፤ በሁዳዴ የሰው እጅም ራስም ደረቅ ነው።

"የኑግ ዘይቱስ?" ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

"ዘይት በሳሙና ይለቃል። ቅቤ ግን ፀጉር ውስጥ ቤት ተከራይቶ ነው የሚቀመጠው" አሉኝ።

በዚያ ዓመት ትልቅ ሥራ መጣ። ከተማ ያለ አንድ የቲኬት ቢሮ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን አዘዘ፤ ከክንፍ እስከ ክንፍ የኔን ቁመት የሚያህል፣ ነጭ፣ ወገቡ ላይ ቀይ መስመር ያለው። ከወደዱት ለሌሎቹ ቢሮዎቻቸው ሁሉ ሊያዙ ነው። ጋሼም "ይሄ ካማረልን አንቺን ቋሚ አደርግሻለሁ፤ የወር ደሞዝተኛ" አሉኝ። እስከዚያ ድረስ ሥራ ሲኖር የምጠራ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ።

"ቋሚ" የሚለው ቃል ለኔ ምን ማለት እንደነበር ልንገራችሁ። ቤታችን ላፍቶ ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ መሬቱም የአያቶቹ ነው። ፉሪ ያለ አንድ ወዳጁ እኔን ለልጁ ይፈልገኝ ነበር። ልጁን አንድ ጊዜ ለንግሥ አይቼዋለሁ፤ ረጅምና ዝምተኛ ነው፣ የሚጠላ ነገር የለበትም። እኔን የሚያስፈራኝ ልጁ አይደለም፤ ቤቱ ነው። የእህቴን ኑሮ አይቻለሁ። ባሏ ከእርሻ እስኪመለስ ትጠብቃለች፣ ላሟ እስክትወልድ ትጠብቃለች፣ ጥር እስኪመጣ ትጠብቃለች። እኔ እዚያ ብገባ ግድግዳውን የምቧጥጥ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲህ አለኝ፤ "የቀን ሥራ ሥራ አይባልም። ሽማግሌዎቹ በፋሲካ ሳምንት ሐሙስ ይመጣሉ። እስከዚያ ቋሚ ከሆንሽ በክብር እመልሳቸዋለሁ። ካልሆንሽ ግን ቃሌን እሰጣለሁ፤ በጥር ትዳሪያለሽ።"

አውሮፕላኑ ከሆሳዕና በፊት ያልቅ ነበር። ግን በመጋቢት ዝናብ ጣለ፣ ያውም ሳያቋርጥ። አየሩ ሲረጥብ የምንረጨው ቀለም አይብ የተበጠበጠበት ውሃ ይመስላል፤ ጭጋግ ይለብሳል። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ሰማዩን ያያሉ፤ እኔ ከኋላቸው እንቆራጠጣለሁ።

"ጋሼ፣ አሁን እኮ ትንሽ ገለጥ ብሏል።"

"ተቀመጪ።"

"ቶሎ ብንረጨው—"

"ተቀመጪ አልኩሽ፤ መሬቱን ፈጀሽው።"

የሕማማት ሳምንት ገባ፣ ሥራ ቆመ፤ የመጨረሻው ቀለም ለፋሲካ ሳምንት ማክሰኞ ተላለፈ። የቲኬት ቢሮው እስከ ፋሲካ ሳምንት ዓርብ ታገሠን። አባቴን ለመንኩት። ራሱን እያከከ "ሐሙስ ሲመጡ 'እስኪ ከቤተሰብ ልምከር' ብዬ እስከ እሑድ አቆያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አልችልም" አለኝ።

የፋሲካ ዕለት እናቴ ለጋ ቅቤ በሳህን ይዛ መጣች። ሁለት ወር የደረቀ ራስ በፋሲካ ቅቤ ካላየ ለሷ በዓሉ አልገባም።

"አይሆንም እማዬ፣ ማክሰኞ ቀለም አለብን" አልኳት።

"የምን ቀለም! ሐሙስ ሰው ይመጣል። እንዲህ እንደ ገለባ የቆመ ራስ ይዘሽ ልትቀርቢ ነው? በእንዶድ ይለቅልሻል።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። የእናቴ ጣቶች ፀጉሬ ውስጥ ሲገቡ፣ ቅዝቃዜው ማጅራቴ ላይ ሲወርድ፣ ከስንት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውነቴ ለቀቀኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ በሆነው ሁሉ እናቴን መውቀስ ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ሰኞ ራሴን በእንዶድ ሁለቴ፣ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ በሳሙና አንዴ ታጠብኩ። ሻሼን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩና መካኒሳ በሩጫ ሄድኩ። ፀሐይ ወጥታለች! ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም። ጋሼ መርጫቸውን እየሞሉ ነበር።

"ቅቤ ነክተሻል?"

"ታጥቤያለሁ።"

"እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።"

"አልነካሁም፣ ጋሼ" አልኩ።

የዋሸሁት ምናልባት ፀሐይዋ እንዳታመልጠኝ ነው። አንድ ሳምንት ይጠብቅ የሚሉኝ መስሎኝ ነው። ከመረጨቱ በፊት አቧራውን ማንሳት የኔ ሥራ ስለነበር አውሮፕላኑ ላይ ጎንበስ ብዬ ክንፉን፣ ጀርባውን፣ ጭራውን በንጹህ ጨርቅ ጠረግኩ። ቆርቆሮው ሞቆ ነበር። ግንባሬ ላይ የወረደውን በእጄ ጀርባ ጠረግኩት፤ ላብ መስሎኝ።

ጋሼ ረጩ። ነጩ ቀለም ሲያርፍ እንደ ወተት ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ደቂቃ። ከዚያ በግራ ክንፉ ላይ አንዲት ክብ ተከፈተች። አጠገቧ ሌላ፣ ከዚያም ጀርባው ላይ ተርታውን። ከሥር የነበረው ግራጫ ቀለም በየቀዳዳው ብቅ ብቅ አለ። ጋሼ መርጫውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

አልተቆጡኝም። ቢጮሁብኝ እመርጥ ነበር። እኔም ጮኼ፣ አልቅሼ፣ ይወጣልኝ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ እያጸዱ "ይሄን ሳምንት ቤትሽ ዋይ" አሉኝ ብቻ።

"ጋሼ፣ ብቻዎን እስከ ዓርብ አይጨርሱትም።"

"አልጨርስም። ግን ያ ራስ ከዚህ በር አይገባም።"

ወጣሁ። ላፍቶ ድረስ ምን እያልኩ እንደሄድኩ አላስታውስም። ያን ሌሊት የተኛሁም አይመስለኝም። ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ "ያ ራስ" አሉ። "አንቺ" አላሉም።

ረቡዕ ማለዳ መካኒሳ ያለው ፀጉር ቆራጭ መስታወቱን ባሕር ዛፉ ላይ ሳይሰቅል ደረስኩ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ሻሼን ፈታሁ።

"ላጨኝ።"

ሰውዬው መቀሱን እንደያዘ ቀረ። በኛ አገር ሴት ልጅ ፀጉሯን ሙልጭ አድርጋ የምትላጨው የቅርብ ሰው ሲሞትባት ነው። ፋሲካ በገባ በሦስተኛው ቀን እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣበት ምን ይበል?

"እህቴ... ማን ሞቶብሽ ነው?"

"ማንም። ቶሎ በል፣ ሥራ አለብኝ።"

"እግዜር ያጽናሽ" አለ፤ እንባዬን ሲያይ አላመነኝም። የማለቅሰው ለፀጉሬ ነበር። ወገቤ ድረስ ነበር፤ ይኸው እግሬ ሥር እንደ ሬሳ ወደቀ። ምላጩ ሲጨርስ ራሴን በሳሙና አጠብኩ፤ ነፋሱ በቀጥታ አጥንቴ ላይ የሚነፍስ መሰለኝ። ሰውዬው ዋጋ አልቀበልም አለ። ከሐዘንተኛ አይወስድም።

ጋሼ በሩን ሲከፍቱ አንዴ አዩኝ፣ ሁለተኛ አዩኝ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ብርጭቆ ወረቀት ቆርጠው ሰጡኝ።

ሁለታችንም ያን ክንፍ እንዴት እንደፋቅነው! ጣቶቼ ጫፋቸው ተልጦ ሳሙናው ያቃጥለኝ ነበር። ጠርዙ ላይ ስደርስ ጋሼ "ዝግ በይ፣ ዝግ በይ፣ እንጨቱ ይወጣል" ይሉኛል፤ እኔ ግን ዝግ ማለት አላውቅም፤ አንድ ቦታ ላይ እንጨቱ ወጣና መልሰን በስቱኮ ደፈንነው። ከቀትር በኋላ ረጩ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ አሥር። አንዲት ጉድጓድ አልወጣችም። ጋሼ አማተቡ፤ እኔ ደጅ ወጥቼ ወርክሾፑን ሦስት ጊዜ ዞርኩት።

ቤት ሻሼን አስሬ፣ ነጠላ ደርቤ፣ ራሴን አሞኛል ብዬ አለፍኩት። ሐሙስ ግን ቀዩን መስመር ስለን ከሥራ ስመለስ ሦስቱ ሽማግሌዎች ደርሰው ነበር፤ እናቴ ማስታጠቢያውን እጄ ላይ አስያዘችኝ። አውሮፕላኑ ነገ ያልቃል፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬ መጥተዋል፤ ልቤ አንድ ቦታ አይረጋም። ለትልቁ ሽማግሌ ውሃ ላፈስ ስጣደፍ ነጠላዬ ከሻሼ ጋር ተንሸራቶ ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

እናቴ አፏን ያዘች። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸው እንደረጠበ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ሁለቱም ተከትለዋቸው ተነሱ። ንግግሩ በኦሮምኛ ነበር፤ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

"ማነው?" አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"የሞተ የለም" አለ አባቴ። እኔን እያየኝ ነው፤ ዓይኑ ግራ ገብቶታል።

"ገብቶናል። በዓሉን ላለመረበሽ ነው የደበቃችሁን።"

"በማርያም ይዣችኋለሁ፣ የሞተ የለም!"

"ጨዋ ሰው ነህ። እኛም መካኒሳ ላይ ስናልፍ ፀጉር ቆራጩ ሲያወራ ሰምተን አላመንነውም ነበር" አሉና ትከሻውን ያዙት። "ሐዘን ካለበት ቤት ልጅ አንጠይቅም። ዓመቱ ይውጣ።" ተራ በተራ አባቴን፣ ከዚያ እናቴን፣ መጨረሻም እኔን ስመው ወጡ። አባቴ እስከ አጥሩ ድረስ "የሞተ የለም" እያለ ተከተላቸው።

ተመልሶ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቅቤውን፣ ውሸቴን፣ ምላጩን።

"ለእንጨት?" አለኝ።

"ለእንጨት።"

በሬዎቹን ሊያይ ወጣ። እናቴ መጥታ መዳፏን ራሴ ላይ አሳረፈችና ብዙ ቆየች። ቢያንስ ብትሰድበኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እሷ ግን ማስታጠቢያውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ዓርብ ከማለዳ ጀምሬ ወለወልኩ። ቀለሙ በደንብ እስኪጠና አንድ ሳምንት ማረፍ ነበረበት፤ እኛ የሰጠነው ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ነው። ጋሼ "በጣትሽ ሳይሆን በትንፋሽሽ" እያሉ ከጎኔ አልተለዩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ያዝኩ፤ እጄን ልጫን ሲለኝ ጥርሴን ነክሼ አነሳሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጭነቱ የመስኮቱን ብርሃን፣ የመስኮቱን እንጨት፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን አጥር ሳይቀር ይዞ ቁጭ አለ። ጋሼ ክንፉ ላይ ጎንበስ ብለው ሽፋሽፍታቸውን ቆጠሩ።

በብርድ ልብስ ጠቅልለን በጋሪ ከተማ ወሰድነው። የቢሮው ኃላፊ ከጠረጴዛው ተነስቶ ከሩቅ አየው፤ "ጥሩ፣ ጥሩ፣ ትልቅ ነው" አለ። መስኮቱ ውስጥ አስቀመጡት። ሰውዬው በጣቱ እንኳ አልነካውም! ደሜ ፈላ። እጁን ይዤ ክንፉ ላይ ላሳርፍለት ምንም አልቀረኝም፤ ጋሼ ቀሚሴን ያዝ አደረጉኝ። "ሌሎቹንም ሥሩልን" ሲል ነው የተነፈስኩት። ስንወጣ ጋሼ ባርኔጣቸውን እያደረጉ "ሰኞ ቶሎ ግቢ፤ ቋሚ ሠራተኛ አያረፍድም" አሉኝ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። "ቃሌ ቃል ነው። ዓመቱ ሲወጣም ቢመጡ እመልሳቸዋለሁ" አለኝ። ከዚያ ስለ በሬዎቹ አወራ። ያሰብኩትን ሁሉ አገኘሁ ማለት ነው።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት ጎረቤት ይመጣ ጀመር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አደግድገው። ፀጉር ቆራጩ ያወራውን ሽማግሌዎቹ አጸደቁት፤ ላፍቶ በሙሉ ሐዘን እንደገባብን ሰምቷል። አባቴ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ማንም አልሰማውም። እኔ እናቴ ተቆጥታ ትመልሳቸዋለች ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወለሉ ላይ ሰሌን ዘርግታ አስቀመጠቻቸው፤ ራሷም መሃላቸው ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። የይስሙላ ልቅሶ አልነበረም። ከሆዷ ነው የምታለቅሰው።

አላስቻለኝም፤ አጠገቧ ተንበርክኬ በጆሮዋ "እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ማንን ነው የምታለቅሺው?" አልኳት።

"ልጅ ተድራ ስትወጣ እናት ታለቅሳለች" አለችኝ፣ እሷም በጆሮዬ። "አንቺ ለማንም አትዳሪም። እኔ መቼ ላልቅስልሽ ነው? ሰው ከተሰበሰበልኝ ዛሬ ላልቅስ፤ ተይኝ።"

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። አንገቷን አቅፌ እኔም ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹ የተላጨ ራሴን እየዳበሱ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" አሉኝ። ማን እንደሞተ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።